በዱላ ውስጥ የተሸሸገው ካሜራና የ1965ቱ ወሎ

የስለላ ፊልም ምሥጢርን በችርቻሮ የሚሸጥ የንግድ ዕቃ ነው። ተመልካቹ የመግቢያ ዋጋውን የሚከፍለው የተደበቀ ነገር ሲገለጥ፣ የተቆለፈ በር ሲከፈት፣ ጭምብል ሲወልቅ ለማየት ነው። ይሁን እንጂ ይህ የፊልም ዓይነት በኢምፔሪያሊዝም የባህል ገበያ ውስጥ ካደገበት ጊዜ አንስቶ አንድ መሠረታዊ ቅራኔ ተሸክሞ ይኖራል፤ ይኸውም ትንሹን ምሥጢር እየገለጠ ትልቁን መሸፈኑ ነው። ቅራኔውን በጥቅል አነጋገር ከመተንተን ይልቅ በገዛ አገራችን ምድር በተቀረጸ በአንድ ፊልም ትዕይንቶች ላይ መመልከቱ ይበልጥ ይጠቅማል።

ፊልሙ «ሻፍት በአፍሪካ» ይባላል። የአሜሪካው ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ኩባንያ ያወጣው ሲሆን፣ ከፊሉ በኢትዮጵያ ከፊሉ በአውሮፓ ተቀርጾ በሰኔ ወር 1965 ዓ.ም. በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት ጀመረ። ይህ ጸሐፊ በቅርቡ በቀበና ድልድይ አቅራቢያ በሚገኝ አንድ ቤት ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር አብሮ አይቶታል። ቀበና ስለ ስለላ ለመነጋገር የማይመች ሰፈር አይደለም። የእንግሊዝና የሩሲያ ኤምባሲዎች ሰፋፊ ይዞታዎች የሚገኙት በዚሁ አካባቢ ነው፤ ወደ እንጦጦ ግርጌ ሲወጣም እስከ ዛሬ «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» እየተባለ የሚጠራው ሠፈር አለ። ከአድዋ ድል በኋላ ወደ አገራችን የጎረፉት የኃያላን መንግሥታት መልእክተኞች ሠፈር የያዙት በዚህ በኩል ነበርና፣ የቀበና ልጅ ረጅም አጥርና ጥቅጥቅ ያለ ባሕር ዛፍ እያየ ከአጥሩ ወዲያ ምን እንዳለ ሲገምት ያድጋል። ስለዚህም ወጣቶቹ ወደ ፊልሙ የገቡት ገና ከመጀመሪያው እየተጠራጠሩ ነበር። ተመልካች እንዲህ ሲሆን ደግ ነው።

የታሪኩ አጽም ቀላል ነው። ጆን ሻፍት የተባለ የኒውዮርክ ጥቁር መርማሪ በአንድ ኢትዮጵያዊ ኤሚር ሰዎች ተጠልፎ ይወሰዳል። አፍሪካውያን ወጣቶችን በሥራ ስም እያግባባ ወደ አውሮፓ የሚያሻግርና በባርነት የሚያሠራ ቡድን አለ፤ የኤሚሩም ልጅ የዚህን ቡድን ምሥጢር ሲከታተል ተገድሏል። ሻፍት የአገር ሰው መስሎ፣ ልብስ ለውጦ፣ በትር ይዞ፣ ከሥራ ፈላጊዎቹ ጋር ተቀላቅሎ የሰንሰለቱን ጫፍ እንዲያገኝ ይላካል። በእጁ የያዘው በትር ተራ በትር አይደለም፤ በውስጡ ካሜራ ተሸሽጎበታል። ገጸ ባሕርዩ ራሱ «እኔ ጄምስ ቦንድ አይደለሁም» የሚል ቀልድ ጣል ቢያደርግም፣ ሩቅ አገር፣ ልዩ መሣሪያ፣ ሴትና ባለ ገንዘብ ጠላት የሚባለው የቦንድ ቀመር አንድም ሳይቀር ተሟልቷል።

ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ታሪክ ከፊልሙ ታሪክ ያነሰ አያስተምርም። የመጀመሪያው «ሻፍት» በ1971 እ.ኤ.አ. ሲሠራ ዳይሬክተሩ ጎርደን ፓርክስ ነበር። ፓርክስ የጥቁር አሜሪካውያንን ድህነት ለብዙ ዓመታት በፎቶግራፍ የዘገበ ታላቅ ባለሙያ ነው። የዚያ ፊልም ጥንካሬም የሐርለምን አስፋልት፣ ቅዝቃዜና ሕይወት ማወቁ ነበር። ሁለተኛውንም እርሱ ሠራ። ሦስተኛው ግን ለእንግሊዛዊው ጆን ጊለርሚን ተሰጠ፤ ድርሰቱን የጻፈው ስተርሊንግ ሲሊፋንትም በሆሊውድ የታወቀ፣ በሌላ ሥራው ኦስካር የተሸለመ ነጭ ደራሲ ነው። ሁለቱም የሙያ ችሎታ አላነሳቸውም፤ በሚቀጥለው ዓመት በእሳት ስለሚነድ ሰማይ ጠቀስ ሕንጻ የሚተርከውን ታላቅ የገበያ ፊልም አብረው ሠርተዋል። ነገር ግን ጥቁሩ ጀግና ወደ አፍሪካ በተሻገረበት በዚያው ቅጽበት ከካሜራው በስተኋላ የነበረው ጥቁር ዓይን ተነሣ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ ነው ቢባል እንኳ በሥራው ላይ የተወው ምልክት በእያንዳንዱ ትዕይንት ላይ ይታያል።

በፊልሙ ውስጥ የኢትዮጵያ ኤሚር ሆኖ የሚጫወተው ሳይ ግራንት በጉያና የተወለደ ሰው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ አየር ኃይል ናቪጌተር ሆኖ ሲዋጋ አውሮፕላኑ ሆላንድ ላይ ተመትታ ሁለት ዓመት በጀርመኖች ምርኮኛ ሆኖ ቆይቷል። ከጦርነቱ በኋላ የሕግ ትምህርቱን ፈጸመ፤ ሆኖም በእንግሊዝ አገር ለጥቁር ጠበቃ በሩ ስለጠበበ ወደ መድረክ ገባ። እውነቱን ለመናገር የዚህ ሰው የራሱ ሕይወት ከኤሚሩ ታሪክ እጅግ የላቀ የስለላ ፊልም ይወጣው ነበር። ልጁ ሆና የምትሠራው ቮኔታ መጊ ካሊፎርኒያ ተወልዳ ያደገች አሜሪካዊት ናት፤ በፊልሙ የተሰጣት ስም ዓለሜ ነው። የኤሚር ልጅ ዓለሜ! ደራሲው ነገድ ሲፈጥር፣ ቋንቋ ሲፈጥር፣ የመጨረሻው የሐረር ኤሚር ሥልጣን በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ማብቃቱን ሳይጠይቅ ኤሚር ሲሾም ማን ከለከለው? ለገበያው አፍሪካ አንድ ትልቅ የዕቃ ግምጃ ቤት ናት፤ ከዚህ ልብስ፣ ከዚያ ማዕረግ፣ ከወዲያ ደግሞ ስም እያነሡ መገጣጠም ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ የእኛ ሰው አለ። ዋሳ የተባለውን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ደበበ እሸቱ ነው። ደበበ በመድረክ ላይ ያደገ ተዋናይ ነውና፣ አጠገቡ ያሉት የሆሊውድ ተዋንያን ለካሜራ ሲቆሙ እርሱ ለሰው ይቆማል። ፊቱ ብቅ ባለ ቁጥር ክፍሉ ውስጥ «ጋሽ ደበበ! ጋሽ ደበበ!» የሚል ድምፅ ይነሣ ነበር። አንደኛው ወጣትም ፊልሙን ወደ ኋላ እየመለሰ ሦስት ጊዜ አሳየን። ይህ ጸሐፊ የሦስተኛውን ጊዜ አስፈላጊነት አልተቃወመም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ።

በውጭ አገር የፊልም ትምህርት ስንማር ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ የሌቭ ኩሌሾቭ ሙከራ ነበር። ኩሌሾቭ ከጥቅምት አብዮት በኋላ በነበሩት ዓመታት ሞዡኺን የተባለውን የታወቀ ተዋናይ ምንም ስሜት የማይታይበት ፊት ወስዶ አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳህን፣ ሌላ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን ጋር አገናኝቶ ለተመልካች አቀረበ። ፊቱ ያው አንድ ፊት ሲሆን፣ ተመልካቹ ግን በመጀመሪያው ረሃብን በሁለተኛው ኀዘንን አየሁ አለ። የምስል ትርጉም የሚወለደው አጠገቡ ከተቀመጠው ምስል ነው ማለት ነው። ሞንታዥ የሚባለው ጥበብ መሠረቱ ይኸው ነው። እንግዲህ የዚህን ፊልም ትዕይንቶች በዚያው ዓመት፣ በዚያው አገር ከተነሡ ሌሎች ምስሎች ጋር ጎን ለጎን እናስቀምጥ።

ከመጀመሪያዎቹ ትዕይንቶች በአንዱ ሻፍት ራቁቱን በአሸዋ በተሞላና በኃይል በሚሞቅ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ ይፈተናል። የአፍሪካን ፀሐይና ውኃ ጥም ይችል እንደሆነ መታወቅ አለበት። ተመልካቹ የጀግናውን ጡንቻና ላቡን እያደነቀ ይጨነቃል። ይህ ትዕይንት ለእይታ በበቃበት በ1965 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ የ1964ቱ ዝናብ ከድቶት፣ በሬውን ሸጦ፣ ዘሩን በልቶ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ቆሞ የሚያልፈውን መኪና በእጁ ይለምን ነበር። እርሱን የፈተነው ማንም አልነበረም፤ የሚያደንቀውም አልነበረም። በወሎና በትግራይ በዚያ ረሃብ ያለቀውን ሕዝብ ቁጥር ልዩ ልዩ ጥናቶች ከ40,000 እስከ 200,000 ያደርሱታል።

እዚህ ላይ «ድርቅ የተፈጥሮ ነገር ነው፤ ፊልም ሠሪዎቹ ምን ያድርጉ?» የሚል ሊኖር ይችላል። የድርቁ ጉዳይ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ እንዳሳየው፣ በ1965 በአገሪቱ በጠቅላላ የነበረው የእህል ምርት ከወትሮው ያን ያህል የወረደ አልነበረም። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ጣሪያ አልነካም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የሚወጣ እህል ነበር። እህሉ በሚያልፍበት በዚያው መንገድ ዳር ሰው ይሞት ነበር ማለት ነው፤ ምክንያቱም ገበሬው የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትንም አጥቷልና። በቆላው በኩል ደግሞ የአፋር አርብቶ አደር በበጋ ከብቱን የሚያውልበት የአዋሽ ዳር ለም መሬት በተንዳሆ የጥጥ እርሻ ተይዞበታል፤ የእርሻው ባለ ድርሻ የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ኩባንያ ነበር። የፊውዳሉ ጭሰኝነትና የባዕድ ካፒታል በአንድ ወንዝ ላይ ተገናኝተው የሠሩት ሥራ ነው። የተደበቀ ሰንሰለት፣ በሩቅ አገር የተቀመጠ ባለ ገንዘብ፣ በአገር ውስጥ ያለ ተባባሪና ስማቸው የማይታወቅ ሟቾች አሉበት። ከዚህ የበለጠ ምን የስለላ ድርሰት ይፈለግ ነበር?

ወደ በትሩ እንመለስ። በፊልሙ ውስጥ በዱላ የተሸሸገው ካሜራ የባሪያ ነጋዴዎቹን ፊት በምሥጢር ያነሣል። ሐሳቡ ያስደስታል፤ የእረኛና የመንገደኛ ዱላ ለእውነት መሣሪያ መሆኑ ለእኛ የሚያስቅም የሚያኮራም ነገር አለው። ነገር ግን በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ በእርግጥ እንደ ሰላይ የሚያስቆጥር ካሜራ የያዙት የሆሊውድ ሰዎች አልነበሩም። ከእኛው ዩኒቨርሲቲ ወደ ወሎ የወረዱ መምህራን ነበሩ። እነርሱ ያነሷቸው የረሃብተኞች ፎቶግራፎች በዩኒቨርሲቲው ግቢ ለእይታ ቀረቡ። ግቢው ከዚህ ከቀበና ተነሥቶ አቀበቱን ለወጣ እግረኛ ሩቅ አይደለም። የዘመኑ መንግሥት ሊደብቀው የፈለገውን ነገር ተማሪው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አየው። የአንዱ ካሜራ ቡድን መብራትና መኪና ይዞ በፈቃድ ሲዘዋወር፣ የሌላው ፎቶግራፍ አደገኛ ሰነድ ሆነ። ሁለቱም የአንድ አገር ምስል ናቸው።

ከዚያም እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ መጣ። «ያልታወቀው ረሃብ» የተባለው ዘገባው በጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። በዚያው ሰሞን፣ ሦስተኛው ፊልም ገበያው ስላልቀናው፣ ሻፍትም ከሲኒማ ወደ አሜሪካ ቴሌቪዥን ወርዶ በተከታታይ ፊልም ይታይ ጀመር። የልብ ወለዱ ሰላይ ሳሎን ገብቶ ሲቀመጥ፣ የወሎ ሕጻን በሌላ አገር ሳሎን ገብቶ ሰው አስለቀሰ። የአዲስ አበባ ሕዝብ ግን ከሁለቱ አንዱንም አላየም። የዘመኑ የመንግሥት ጋዜጦች ስለ ወሎ የጻፉትን ለመፈለግ የቤተ መጻሕፍት ጥራዝ የሚያገላብጥ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያገኘው የንጉሠ ነገሥቱን የዕለት ተዕለት ጉብኝት ነው። ይህንን በመንግሥት ጋዜጣ ላይ መጻፍ ለዚህ ጸሐፊ ቀላል አይደለም፤ ግን አለመጻፉ ይብሳል።

የአዲስ አበባ ሕዝብ የዲምብልቢን ፊልም ያየው በዕንቁጣጣሽ ምሽት፣ በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ፊልሙ ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም። የረሃቡ ምስሎች ከቤተ መንግሥት ግብዣ፣ ከሻምፓኝና ለንጉሡ ውሾች ከሚቀርብ ሥጋ ጋር እየተፈራረቁ ተገናኝተው ነበር። የኩሌሾቭ ሙከራ በአንድ ሕዝብ ፊት፣ በአንድ ሌሊት ተፈጸመ ማለት ይቻላል። በማግሥቱ ጠዋት ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በዓለም ታሪክ ውስጥ አንድ የሞንታዥ ሥራ ይህን ያህል የፖለቲካ ክብደት የተሸከመበት ጊዜ ጥቂት ነው። የተገናኙት ምስሎች ሁለቱም እውነት ነበሩ፤ ግብዣውም ነበረ፣ ረሃቡም ነበረ። የተጨመረው መቀሱ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ መቀሱን የያዘው እጅ የራሱ ጊዜ ሲደርስ ምን አደረገ? ይህ ጥያቄ ካልተጠየቀ ክርክራችን በግማሽ የቆመ ነው። በመስከረም 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ ለአብዮቱ 10ኛ ዓመትና ለኢሠፓ ምሥረታ በመብራትና በሰንደቅ ዓላማ አሸብርቃ ሳለ፣ ሰሜኑ ዳግመኛ ይራብ ነበር፤ የውጭ ጋዜጠኞችም በዓሉ እስኪያልፍ ወደዚያ እንዳይሄዱ ተከልክለዋል። ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ ከቆረም ያመጡት ምስል በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ለዓለም ታየ። በዚያን ጊዜ የበዓሉን ሰልፍና የቆረምን ንጋት ጎን ለጎን የሚቀጥል መቀስ በአገር ውስጥ አልተገኘም። የ1967ቱን ሞንታዥ አይተው ያጨበጨቡ ሰዎች፣ ያው ሞንታዥ በእነርሱ ላይ ሊሠራ እንደሚችል አላሰቡትም ይሆናል። ወይም አስበውት ኖሮ ይሆናል መንገዱን የዘጉት።

ፊልሙን በአንድ ወገን ብቻ መኮነን ግን ትክክለኛ ሂስ አይሆንም። ሁለት ቦታ ላይ፣ ሳያስበው ይሁን አስቦ፣ እውነትን ነክቷል።

የመጀመሪያውን ነክቶ አበላሽቶታል። ዓለሜ ልትገረዝ መሆኑን ለሻፍት ትነግረዋለች፤ እርሱም ሐሳቧን ሊያስቀይራት ይሞክራል። በ1965 በአንድ የሆሊውድ ፊልም ውስጥ ይህ ጉዳይ መነሣቱ ብቻውን ያስገርማል። ሆኖም የሚሊዮኖች ሴቶች ሥቃይ የጀግናው የመኝታ ቤት ቀልድ ሆኖ ያልቃል። ዓለሜ የራሷ ሐሳብ፣ የራሷ እምቢታ የላትም፤ ነጻ የሚያወጣት የወንዱ ውበት ነው። በእውነተኛው ኢትዮጵያ ነገሩ የተለወጠው እንዲህ አይደለም። የሴቶች ማኅበራት፣ የጤና ባለሙያዎችና በየመንደሩ የተከራከሩ እናቶች ለብዙ ዓመታት ከደከሙ በኋላ፣ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 እና 566 ወንጀል ሆነ፤ ከሕግ በኋላም ሥራው አላለቀም።

ሁለተኛው የፊልሙ ታላቅ ጎን ነው። የባሪያ ነጋዴው አለቃ፣ ፍራንክ ፊንሌይ የሚጫወተው አማፊ፣ የሚኖረው በአፍሪካ ሳይሆን በፓሪስ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ1927 ዓ.ም. የሙሶሊኒ ፋሺስት ሠራዊት ሊወረን ሲዘጋጅ ለዓለም ያሰማው አንዱ ሰበብ «ኢትዮጵያ ባሪያ የሚሸጥባት አገር ናት» የሚል ነበር። በአገራችን ባርነት የነበረ፣ የሚያሳፍርና እስከ 1934ቱ አዋጅ ድረስ በሕግ ያልጠፋ ሥርዓት ነው፤ ወራሪው ግን ያን ቁስል ለሌላ ሰንሰለት መግቢያ አደረገው። ፊልሙ ይህን የቆየ ትረካ ይገለብጠዋል። ትርፉ ወዴት እንደሚፈስ ተከትሎ ይሄድና ፓሪስ ላይ ይቆማል። በዚያም አፍሪካውያኑ በአንድ ጠባብ ቤት እንደ ዕቃ ተደራርበው፣ በቀን የከተማውን ቆሻሻ ሥራ ሲሠሩ ያሳያል። ይህ ከደራሲው ምናብ ብቻ የወጣ አይደለም። በ1970 እ.ኤ.አ. አዲስ ዓመት ሌሊት በፓሪስ ዳርቻ ኦበርቪሊየ ውስጥ አምስት አፍሪካውያን ሠራተኞች ከአቅም በላይ በተጨናነቀ ማደሪያቸው ለሙቀት ባነደዱት እሳት ጭስ ታፍነው ሞተዋል። የፈረንሳይ ጋዜጦች ስለ ስደተኛ ሠራተኞች ማደሪያ አጥብቀው መጻፍ የጀመሩትም ከዚያ ወዲህ ነው።

ታዲያ በ1965 ለነበረ ኢትዮጵያዊ ተመልካች የፊልሙ እጅግ የማይታመን ክፍል ይኸኛው በሆነ ነበር። የኢትዮጵያ ወጣት ከመንደሩ ተነሥቶ በደላላ እጅ እየተቀባበለ፣ በጀልባ ባሕር ተሻግሮ፣ ለአውሮፓ ጉልበት ሠራተኛነት ይሸጣል? በዚያ ዘመን ወደ ውጭ የሚሄደው ተማሪ ነበር፤ ተማሪውም ይመለስ ነበር። ኤሚሩን፣ ነገዱን፣ በትሩን የተቀበለ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ «አሁንስ አበዙት» ባለ ነበር። በዱላው ውስጥ ያለው ካሜራ የዘመኑን ረሃብ ሳያይ፣ ገና ያልመጣውን ስደት አየ። አውቆ አይደለም፤ ከሌላ አፍሪካ፣ ከሴኔጋልና ከሞሪታኒያ ሠራተኞች ታሪክ ወስዶ ለእኛ አለበሰን እንጂ። ልብሱ ግን በኋላ በልካችን ሆነ። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ ባሕር ዳርና በረሃ ክርስቲያን ወንድሞቻችን በአሸባሪው አይሲስ ሲታረዱ የሚያሳየው ምስል በየቤቱ ሲገባ፣ ከሟቾቹ መካከል ከዚህችው ከአዲስ አበባ፣ ከቂርቆስ ሠፈር ተነሥተው የሄዱ ነበሩ። ያን ምስል ያነሣው ካሜራ በዱላ ውስጥ አልተሸሸገም፤ ገዳዮቹ ራሳቸው በኩራት ያቆሙት ነበር።

የቀበናው ቤት ውስጥ ፊልሙን ስናይ በመጀመሪያው ሰዓት ብዙ ሳቅ ነበር። የኤሚሩ አለባበስ፣ የሻፍት የእግር አጣጣል፣ ኢትዮጵያዊ ለመምሰል በትሩን የሚይዝበት አያያዝ፣ ሁሉም አሳቀ። ሠራተኞቹ ወደ መርከብ የሚጫኑበት ትዕይንት ሲደርስ ግን ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። ፊልሙ አልቆ መብራት ከበራ በኋላ፣ እስከዚያ ድረስ ብዙም ሳይናገር በር አጠገብ የተቀመጠ አንድ ወጣት ያን ትዕይንት ብቻ እንደገና እንዲያሳዩት ጠየቀ። አሳዩት። ሰዎቹ በጨለማ ተራ በተራ ሲገቡ፣ በሩ ሲዘጋ አየና፣

«ያኔ ደላላው ስንት ያስከፍል ነበር?» አለ።

የመለሰለት አልነበረም።